ብቻውን የሚቀመጥ የብረት አቶም



ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን ያለ እሳት ሲዋሐዱ ውሃና የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚሰጡ የዌልስ ተወላጅ የሆነው ዊልያም ግሮቭ በ1839 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር አሳይቷል። ዛሬ ፊውል ሴል የሚባለው መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ጢስም የለውም። ዳሩ ግን ሃይድሮጂን ኤሌክትሮኑን ፈጥኖ ሲለቅ፣ ኦክሲጅን የሁለቱን አቶሞቹን ማሰሪያ ፈትቶ ኤሌክትሮን ለመቀበል እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ ካታሊስት ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ለጋብቻ እንደሚላክ ሽማግሌ ራሱ ሳይሞሸር ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ነው።

ለዚህ ተግባር የተመረጠው ፕላቲን ነው። ከዋጋው ውድነት ይልቅ የሚያስቆጨው ግን ብክነቱ ነው። የፕላቲን ቅንጣት ምንም ያህል ቢደቅ፣ ኦክሲጅንን የሚያገኙት ከላይ ያሉት አቶሞች ብቻ ናቸው። ይህም በመስኮቱ ዘንድ ያለው ጸሐፊ ብቻ ባለጉዳይ ሲያስተናግድ፣ ከበስተኋላው ያሉት ደመወዝ ብቻ እንደሚቀበሉ ዓይነት ነው። (ምሳሌው የትኛውንም መሥሪያ ቤት አይመለከትም።)

እንግዲህ የሊቃውንቱ አሳብ እያንዳንዱን አቶም በመስኮት ዘንድ ማስቀመጥ ሆነ። በ1964 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ጃሲንስኪ የተባለ ተመራማሪ፣ በአራት ናይትሮጅኖች መካከል የተያዘ የኮባልት አቶም ይህን ሥራ መሥራት እንደሚችል ገለጸ። በደማችንም ኦክሲጅንን የሚሸከመው ብረት እንዲሁ በአራት ናይትሮጅኖች መካከል መቀመጡን ልብ ይሏል።

ዛሬ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚዘጋጀው ከርካሽ ብረት፣ ከናይትሮጅንና ከካርቦን ነው። ድብልቁ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ግለት ይቃጠላል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ አቶሞቹ ሲግሉ እየተሳሳቡ ይጓጉላሉ፤ የተጓጐለውም እንደ ቀድሞው ይባክናል። ስለዚህ ጥቂት ብረት በብዙ ዚንክ መካከል ይበተናል። ዚንክ ከ907 ዲግሪ በላይ ተንኖ ሲሄድ፣ ብረቱ ተራርቆ በየስፍራው ይቀራል።

ተራርቆ መቀመጡ ግን ብቻውን አይበቃም። አቶሙ ኦክሲጅንን አጥብቆ ከያዘ ውሃውን አይለቅም፤ ካላላ ደግሞ ማሰሪያውን አይፈታም። ይህን ለማመዛዘን ሊቃውንቱ ጎረቤቶቹን ይለዋውጣሉ፤ ለምሳሌ ድኝ ያስጠጉለታል። ሥራው በግማሽ ከቀረ፣ ኦክሲጅን በአራት ፈንታ ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ይቀበልና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይወለዳል። ያም ከብረት ጋር ሲገናኝ ካርቦኑን ይበላዋል፤ ብረቱም ከመቀመጫው ይነቀላል።

በአልካሊ ውስጥ በሚሠሩት የዚንክና የአየር ባትሪዎች ብረቱ ከፕላቲን ጋር ለመወዳደር በቅቷል። በአሲድ ውስጥ ግን ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ፣ በመኪና የሚገጠመው ፊውል ሴል ዛሬም የሚታመነው በፕላቲን ነው።