ስማችሁን አንብቡ፣ ቀናችሁን ቁጠሩ

አንባቢያችን ሆይ! እርከን ሠርታችኋል፣ ድንጋይ ክባችኋል፣ ቦረቦር ደፍናችኋል። ታዲያ የሠራችሁበትን ቀን ማን ቆጠረላችሁ?

አፈር ለመጠበቅ ለሠራ ገበሬ መክፈል ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. ረሀብ በኋላ በነበሩት ዓመታት በወሎ፣ በትግራይና በሌላውም አካባቢ ገበሬው ጋራ ላይ ወጥቶ እርከን ሲሠራ፣ ለአንድ የሥራ ቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ይሰፈርለት ነበር። እህሉን የሚያቀርበው የዓለም ምግብ ፕሮግራም ነበር። ብዙ ተሠራ። ነገር ግን እርከኑ የት ይውጣ ብሎ ገበሬውን የጠየቀ እምብዛም አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ ዛፉም ተቆረጠ። ያሳዝናል፤ ግን ሳይጠየቅ የሠራ ሰው ሥራውን የራሴ ነው ለማለት ይከብደዋል።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የምንለው መጣ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ እርሳስ ያዙ። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል። አምስት ሰው ያለበት ቤት 25 ቀን ይሠራል ማለት ነው። በቀን 3 ኪሎ ሲሆን፣ በወር 75 ኪሎ ይሆናል። ክፍያው በገንዘብ በሆነበት ወረዳ መጀመሪያ ላይ የቀኑ ዋጋ 6 ብር ነበር። በ2000 ዓ.ም. እህል ሲወደድ ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም፣ ገበያ ወጥቶ 3 ኪሎ አልገዛ አለ። ብዙ ገበሬም "ኧረ ስንዴውን ስጡን" አለ። እውነቱን ነው! ዋጋው ከዚያ ወዲህም ተለውጧልና የዘንድሮው ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እህሉ ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ሲባል፣ በአንዳንድ ቀበሌ የቤተሰብ ቁጥር ተቀንሶ የተጻፈበት ጊዜ ነበር። በቅን ልብ የተደረገም ይኖራል። ግን አስቡት! 5 መሆን ሲገባው 3 ተብሎ ከተጻፈ፣ በወር 30 ኪሎ ቀረ። ሥራው 6 ወር ነው፤ 180 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። ሁለት ኩንታል ሊሞላ 20 ኪሎ የቀረው እህል በአንዲት ቁጥር ጠፋ!

ስለዚህ ዝርዝሩ ቀበሌ ሲለጠፍ ሄዳችሁ አንብቡ። ስማችሁን ብቻ አይደለም፤ ከስሙ ጎን ያለውን ቁጥርም እዩ። የሠራችሁበትን ቀን ቤት ውስጥ በደብተር ያዙ፤ ከቡድን መሪው መዝገብ ጋር አስተያዩት። ሳያነቡ ጣት ማተም ይቅር። እርጉዝ ሴት፣ ጉልበት የሌለው ሽማግሌና አሮጊት ሳይሠሩ የሚያገኙ ናቸውና፣ ጎረቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ የሱንም ስም ፈልጉለት። እሱ ላያነብ ይችላል።

ስሕተት ካገኛችሁ ከጸሐፊው ጋር አትጣሉ። ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ጻፉ። ረጅም መሆን የለበትም፤ እንዲህ ይበቃል፦

"እኔ (ስም ከነአባት) የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ስሆን፣ የቤተሰቤ ቁጥር 5 ሆኖ ሳለ በዝርዝሩ ላይ 3 ተብሎ ተጽፏል። እንዲታረምልኝ አመለክታለሁ።"

ከግርጌው ቀኑን ጻፉ፣ ፈርሙ። ሁለት አድርጋችሁ ጻፉት፤ አንዱን ስጡ፣ አንዱን ቤት አስቀምጡ።