ምድር እንጀራ አታበቅልም

አንጮቴ የተባለው ሥራሥር ተቆፍሮ እንደወጣ አይበላም። ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ይከተከታል፣ በቅቤና በቅመም ይታሻል። በጨለለቂም ይሁን በሌላው የነቀምቴ ሰፈር፣ ማዕድ ቀርቦ ሽማግሌው «ኤባ»፣ ማለትም ምርቃት፣ ሲያወርዱ ምስጋናው ወደ ዋቃ፣ ወደ ፈጣሪ፣ ይሄዳል። የቆፈረውና የከተከተው ሰው ደግሞ እዚያው ተቀምጦ «ሀ ታኡ»፣ ይሁን፣ ይላል። ታዲያ ማዕዱ የማን ሥራ ነው? ይህን ጥያቄ በምግብ ቡራኬያቸው ውስጥ አብጠርጥረው ያዩት አይሁድ ናቸው።

ቡራኬው በዕብራይስጥ «ብራኻ» ይባላል፤ ከእኛ «ባረከ» እና «በረከት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ታልሙድ ሳያመሰግን የሚበላን ሰው ለቤተ መቅደስ የተቀደሰ ንብረት እንደ ወሰደ ይቆጥረዋል፤ ምድር ባለቤት አላትና። ሲያመሰግን ግን እንደ ተፈቀደለት ሰው ይበላል።

ቡራኬው ለሁሉም ምግብ አንድ አይደለም። ለብርቱካን እንደ ዛፍ ፍሬ፣ ለድንች እንደ ምድር ፍሬ ይመሰገናል፤ አንጮቴም ቢቀርብ ከድንች ጎን ይሰለፍ ነበር። ነገሩ የሚጥመው እህል ላይ ሲደርስ ነው። የስንዴ ጥሬ የሚቆረጥም ሰው ቡራኬው እንደ ድንቹ ነው። ያው ስንዴ ተፈጭቶና ተቦክቶ ዳቦ ሲሆን ግን ከምድር እንጀራን ለሚያወጣው አምላክ የተለየና ከፍ ያለ ቡራኬ ይቀርባል። ወይንም እንዲሁ ነው፦ ዘለላው ከዛፍ ፍሬ ተራ ሲቆጠር፣ መጠጡ የራሱ ቡራኬ አለው። ምድር ስንዴ እንጂ ዳቦ እንደማታበቅል ሊቃውንቱ ጠፍቷቸው አይደለም። የሰው እጅ ሲገባበት ለአምላክ የሚቀርበው ምስጋና ይጨምራል እንጂ አይቀንስም ማለታቸው ነው። ቤን ዞማ የተባለው ሊቅ ደግሞ ሌላውን ሠራተኛ አልዘነጋም። አዳም አንዲት ጉርሻ ለመቅመስ ማረስ፣ መዝራት፣ ማጨድ፣ መውቃትና መጋገር ነበረበት፤ እኔ ግን ጠዋት ስነሳ ሁሉም ተሰናድቶ ይጠብቀኛል ይል ነበር።

የእኛዎቹ ቤተ እስራኤል ታልሙድ ሳይደርሳቸው በግዕዝ ኦሪት ሲመሩ ኖረዋል። በልቶ የጠገበ ፈጣሪውን እንዲባርክ የሚያዘው ዘዳግም 8፥10 እነሱም ጋ ነበር። የሰንበትን ዳቦ ቄሱ ይባርኩታል፤ በስግድ በዓልም ሕዝቡ ጾሞ ከዋለ በኋላ የተባረከ ዳቦ ይካፈላል። እስራኤል ሲገቡ ግን እንጀራቸው ጥያቄ አስነሣ። በረቢዎች ሕግ የዳቦ ቡራኬ የሚገባቸው እህሎች አምስት ናቸው። ስንዴና ገብስ አሉበት፣ ጤፍ የለበትም። ስለዚህ በብዙዎቹ ብያኔ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ከዳቦ ተራ ይወጣል። ሊጥ አቡክታ፣ ምጣድ አስሳ ልጆቿን ላሳደገች እናት ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ቡራኬውን ከሥራ ጋር አጥብቃ የምታስረው ግን ትንሽ ደንብ ናት። ዳቦ ከተባረከ በኋላ ሳይቀመስ ማውራት አይፈቀድም፤ የተናገረ ሰው ቡራኬውን ይደግማል። «ለበሬዎቹ መኖ አዘጋጁ» ያለ ግን አይደግምም፤ ከብቱን ሳያበላ መብላት ቀድሞውኑ ክልክል ነውና። ያረሰው በሬ ተርቦ ቆሞ ሳለ፣ እሱን ማስታወስ ጸሎቱን አያቋርጥም። እንዲያውም የጸሎቱ አካል ነው።