ያውቁ ኖሯል? ማሽኑ ሳይቆምም አድማ አለ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አድማ ማለት ሥራ ጥሎ መውጣት ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? በቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ሠራተኞች በደመወዝ ጉዳይ ከአሠሪያቸው ጋር ቢከራከሩና ጥያቄያቸው እንዲመለስ ተባብረው የዘወትር ምርታቸውን ቢቀንሱ፣ አንድም ሰው ከቦታው ሳይነሳ በሕግ ዓይን አድማ መትተዋል። «እጁ የዘገየ ሁሉ አድመኛ ሊባል ነው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። አይባልም፤ ትርጓሜው የሚመለከተው በሥራ ክርክር አሠሪውን ለማሳመን ሆን ተብሎ የተደረገውን ነው። በሕመም ወይም በመብራት መቋረጥ የቀነሰ ምርት እዚህ ውስጥ አይገባም።

በመሆኑም ለማቀዝቀዙም ለማቆሙም ሥርዓቱ አንድ ነው። ከሠራተኛ ማኅበሩ አባላት ቢያንስ 2/3ኛው በተገኙበት ስብሰባ አብላጫው ሊደግፈው ይገባል፤ ምክንያቱ ተገልጾ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያም ይሰጣል። አሠሪውም ሠራተኞቹ ሐሳቡን እንዲቀበሉ ለመጫን ድርጅቱን ለጊዜው ልዝጋ ቢል ያው ማስጠንቀቂያ አይቀርለትም፤ ይህ በእጅጉ ተገቢ ነው፤ በድንገት የተዘጋ በር የሠራተኛውን ቤተሰብ እንጀራ ይነካልና። የአየር ትራንስፖርት፣ የመብራት፣ የውሃ፣ የሆስፒታል፣ የእሳት አደጋና የቴሌኮሙኒኬሽን ሠራተኞች ግን አገልግሎታቸው ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ በመሆኑ አድማ እንዳይመቱ ተከልክለዋል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በደቦ ወይም በወንፈል የሚያርሱ ገበሬዎችን አዋጁ አይመለከትም፤ በመካከላቸው የቅጥር ውል የለም። በደመወዝ የተቀጠረ የእርሻ ድርጅት ሠራተኛን ግን ይመለከተዋል።