እንዶድ፣ አመድና ሎሚ ለቤት ውስጥ ጽዳት የሚሰጡት ጥቅምና የሚያሻው ጥንቃቄ

ዲላ፤ የሳሙና ወጪ ለሚከብደው ቤተሰብ እንዶድ፣ አመድና ሎሚ በቀላሉ የሚገኙ የጽዳት ግብዓቶች ናቸው። ይሁንና ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት ባለመሆኑ በአግባቡ ሊያዙ ይገባል።

በጌዴኦ ዞን እንሰትና ቡና ከአገር በቀል ዛፎች ጋር ተሰባጥረው የሚለሙበት መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚህ የአኗኗር ሥርዓት ጓሮ የምግብ ብቻ ሳይሆን የቤት መገልገያ ምንጭም ነው። ለአብነትም የእንሰት ቃጫ ለገመድ ሥራ፣ ደረቅ ቅጠሉ ደግሞ ለመጥረጊያነት ይውላል።

በበርካታ የአገሪቱ ደጋማና ወይና ደጋ አካባቢዎች ለልብስ ማጠቢያነት የታወቀው ተክል እንዶድ ነው። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲበጠበጥ ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር አረፋ ይፈጥራል። አረፋውም እድፍን ከጨርቁ ያላቅቃል። ነጠላና ጋቢን የመሳሰሉ ነጫጭ የጥጥ አልባሳት ከጥንት ጀምሮ በእንዶድ ሲታጠቡ ኖረዋል።

ይኸው የማጠብ ልማድ ለዓለም የተረፈ የሳይንስ ግኝት መነሻ ሆኗል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ባለው የወንዝ ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊዎች በመሆናቸው፣ ተክሉ በሽታውን ለመከላከል እንደሚረዳ በምርምር አሳዩ። እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 "አማራጭ ኖቤል" በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ግኝቱ ለቤት እመቤቶችም ማስጠንቀቂያ አለው። ቀንድ አውጣን የሚገድለው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። በመሆኑም በእንዶድ የታጠበበትን ውኃ ከወንዝ፣ ከምንጭና ከከብት መጠጫ ርቆ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ፍሬው ሲበላ መርዛማ ስለሆነ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። ሲወቀጥም ብናኙ ዓይንና አፍንጫን ስለሚቆጠቁጥ ፊትን መሸፈን ይገባል።

የእንጨት አመድ በበኩሉ በውኃ ርሶ ሲታሽ የሰሃንና የድስት ቅባትን ያስለቅቃል። በውኃ ተዘፍዝፎ አድሮ የተጠለለ የአመድ ውኃ ደግሞ የጥጥ ልብስን ያጸዳል። ነገር ግን ቆዳን ሊያቃጥል ስለሚችል በባዶ እጅ ባይነካ ይመረጣል። የሱፍና የሐር ልብስንም ስለሚጎዳ ለእነዚህ አይውልም። ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የነደደበት አመድ ለጽዳት አይሆንም።

ሎሚ የዝገት እድፍን ያስለቅቃል። በነጭ ጨርቅ ላይ ያረፈን ዝገት በሎሚ ጭማቂና በጨው አሽቶ ፀሐይ ላይ ማቆየት፣ ከዚያም በንጹህ ውኃ ማለቅለቅ በቂ ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የተጋገረ የውኃ ዝቃጭም ሎሚ በተጨመረበት ውኃ ሲፈላ ይለቃል።

ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ሎሚን ወይም ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር አለመቀላቀል ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ለሞት ሊያደርስ ይችላል። እነዚህ ግብዓቶች እድፍን ያስለቅቁ እንጂ እንደ በረኪና ተሕዋስያንን አይገድሉም። በመሆኑም ተላላፊ በሽታ በገባበት ቤት ብቻቸውን በቂ አይደሉም።

እናቶች ከትውልድ ትውልድ ያስተላለፉት ይህ ዕውቀት ወጪን ይቆጥባል። ከጥንቃቄው ጋር ሲተላለፍ ደግሞ የቤተሰቡን ጤንነትና የአካባቢውን ወንዞች ይጠብቃል።