በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን ያህሉ ይታያል?



ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ይዟችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የላቦራቶሪ ባለሙያው ጣታችሁን ወግቶ ጠብታ ደም በመስተዋት ላይ ያኖርና «ጠብቁ» ይላችኋል። «አንዲት ጠብታ ለማየት ይህን ያህል ምን ያቆያል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከኮረብታ ላይ ሆናችሁ ስታዩ ማሳችሁ እስከ ድንበሩ ይታያችኋል፤ በጤፉ ላይ ያለችው ተባይ ግን አትታይም። ወርዳችሁ ጎንበስ ስትሉ ተባይዋ ትታያለች፤ የቀረው ማሳ ግን ከዓይናችሁ ይወጣል። ማይክሮስኮፕም እንደዚሁ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ስንመለከት የሚታየው ብሩህ ክብ «የእይታ ክልል» ይባላል። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር በክቡ ውስጥ የሚታየው ቦታ ይጠባል።

ማካፈል የተማራችሁ ሁሉ ልታሰሉት ትችላላችሁ። ከዓይን በኩል ባለው ምስሪት ላይ የተጻፈው ቁጥር 18 ነው እንበል። ይህን ከታች ያለው ምስሪት በሚያጎላበት ቁጥር እናካፍል።

18 ሲካፈል ለ10፦ 1.8 ሚሊ ሜትር
18 ሲካፈል ለ40፦ 0.45 ሚሊ ሜትር
18 ሲካፈል ለ100፦ 0.18 ሚሊ ሜትር

ይህ የሚታየው ቦታ ከዳር እስከ ዳር ያለው ወርድ ነው።

ታዲያ ለምን በትንሹ ማጉያ አይታይም? የወባ ጀርም የምትገባው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው። የሕዋሷ ወርድ ራሱ 0.007 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው! ስለዚህ ባለሙያው 100 ጊዜ በሚያጎላው ምስሪት ይጠቀማል፤ ከዓይን በኩል ያለው ደግሞ 10 ጊዜ ስለሚያጎላ በጠቅላላው 1,000 ጊዜ ይሆናል።

አሁን ጠብታው ሲዘረጋ ወርዱ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሙሉውን ለማዳረስ ከ3,000 በላይ የእይታ ክልሎች ማየት ያስፈልጋል። ባለሙያው «ወባ አልታየም» ከማለቱ በፊት መስተዋቱን እያንቀሳቀሰ ቢያንስ 100 ክልሎች ማየት ይገባዋል። ይህም ቢሆን የጠብታው 30ኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ባለሙያውን አታጣድፉት። ሁለተኛ፣ «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም፤ ጀርሞቹ ጥቂት ከሆኑ ባልታየው በኩል ሊቀሩ ይችላሉ እኮ። ትኩሳቱ ካልለቀቃችሁ በማግስቱ ተመልሳችሁ እንደገና ተመርመሩ፤ በተለይ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ከታመመች አንድ ቀንም አትዘግዩ። ከምርመራው በፊት ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን አትዋጡ፤ ጀርሞቹን ሳይጨርስ ያሳንስና ከባለሙያው ዓይን ይሰውራቸዋል።