ጨዋማ ውሃ የሚሸከመን ለምንድን ነው?

ዲመካ አድጎ ዋና መልመድ ከባድ ነው። በአካባቢያችን ያሉት ወንዞች ዓመቱን በአብዛኛው አሸዋ ናቸው፤ ውሃ የሚገኘው ተቆፍሮ ነው። ኦሞ ደግሞ አዞ አለበት። በስተምሥራቅ ያለው ጨው ባሕርም ስሙ ባሕር ይሁን እንጂ አብዛኛው ወለሉ የደረቀ ነው። ስለዚህ አፋር ውስጥ አሳሌ ሐይቅ ስደርስ ዋና አልችልም ነበር። ጓደኞቼ «ግባ፣ እዚህ ማንም አይሰምጥም» አሉኝ። ነገሩ ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

እስቲ እናስላው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው አየር ስቦ ሲይዝ ሰውነቱ 66 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል እንበል። ውሃ ወደ ላይ የሚገፋን እኛ ቦታውን የወሰድንበትን ውሃ ክብደት ያህል ነው። ጨው የሌለበት ውሃ ሊትሩ 1 ኪሎ ስለሆነ 66 ኪሎ ይሸከማል፤ ትርፉ 1 ኪሎ ብቻ ነው። የውቅያኖስ ውሃ ሊትሩ 1.025 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ትርፉ ወደ 2.7 ኪሎ ከፍ ይላል። የሰው ጭንቅላት ግን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል! ባሕር ውስጥም ቢሆን ዝም ብለን ከቆምን ጭንቅላታችን ሙሉ በሙሉ ከውሃ በላይ አይቀርም ማለት ነው።

ቺሊ ውስጥ አልጋሮቦ በምትባል ከተማ 1,013 ሜትር የሚረዝም፣ 8 ሄክታር የሚሸፍን ገንዳ አለ። ውሃው ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ተስቦና ተጣርቶ የሚገባ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ግዙፍ ስለሆነ የተሻለ ይሸከማል? በፍጹም። ወሳኙ የገንዳው ስፋት ሳይሆን የአንዱ ሊትር ክብደት ነው። እዚያ የሚገባ ሰው ዋና መቻል አለበት።

አሳሌ ግን ሌላ ነው። የሚገባው ውሃ መውጫ የለውም፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል። ጨው እስኪጠግብ የሟሟበት ውሃ ሊትሩ 1.2 ኪሎ ገደማ ነው። ትርፉ ከ13 ኪሎ በላይ ሆነ! ጭንቅላት፣ ትከሻ፣ ጉልበት ሁሉ ከላይ ይቀራል።

አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። እኔ በደረቴ ለመዋኘት ስሞክር እግሬ ወደ ላይ ተነሳ፣ ፊቴ ውሃ ውስጥ ገባ። ለመቆም እግሬን ወደ ታች ብገፋ እምቢ አለኝ። ዓይኔ ተቃጠለ። ያዳነኝ በጎኔ ያገላበጠኝ ጓደኛዬ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ከተዋጠ ወይም ሳንባ ከገባ ለሕይወት ያሰጋል።

ስለዚህ ብቻችሁን አትግቡ። ዘላችሁ አትግቡ። ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተቀመጡና በጀርባችሁ ተኙ። በፊታችሁ ከተገለበጣችሁ ለመቆም አትታገሉ፣ በጎን ተንከባለሉ። ስትወጡ የምትታጠቡበት ንጹሕ ውሃ ይኑራችሁ።

ያን ቀን ተንሳፈፍኩ እንጂ አልዋኘሁም። ሁለቱ እኮ አንድ አይደሉም።