ወደ አቃባ ባሕር ከመውረዳችሁ በፊት



ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ብዙዎቻችሁ ከአሠሪዎቻችሁ ቤተሰብ ጋር ከአማን ወደ አቃባ ትወርዳላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ በተለይ ቤት ተከራይታችሁ የምትሠሩት፣ በዒድ የእረፍት ቀናት ገንዘብ አዋጥታችሁ በአውቶቡስ አብራችሁ ትሄዳላችሁ። ስትመለሱ የምታሳዩን ፎቶግራፍ ሁልጊዜ ደስ ይለናል። ነገር ግን አንድ ጊዜ በኅብረት በሄድንበት ጉዞ ላይ የሆነውን መንገር አለብን። ከመካከላችን አንዲት እህት እስከ ወገቧ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆማ እየሳቀች ሳለ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብትራመድ እግሯ መሬት አጣ። አልጮኸችም። እጇን አውጥታም አልተጣራችም። በአጠገቧ ይዋኝ የነበረ አንድ ወጣት ባያያት ኖሮ፣ እኛ ዳር ላይ ተቀምጠን ሻይ እየቀዳን ሳናውቅ ነበር የምታልፈው። እናቶቻችን «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚሉት ለካ እውነት ነው።

ስለዚህ በዚህ እትም ስለ አቃባ ባሕርና በውሃ ውስጥ ስላለው ውብ ነገር አደጋ ሳይደርስባችሁ እንዴት ማየት እንደምትችሉ እንጽፍላችኋለን።

አቃባ ከአማን በስተደቡብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ የዮርዳኖስ ብቸኛ የባሕር ወደብ ናት። አገሩ በሙሉ ያለው የባሕር ዳርቻ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን የምታነቡ እህቶች ስፍራውን ታውቁታላችሁ፤ በ1ኛ ነገሥት 9፥26 ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦች የሠራበት ዔጽዮንጋብር የነበረው በዚሁ ባሕር ጫፍ ነው። ከከተማው ወጥቶ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ድንበር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ባሕር ሰዎች «ሻጢ ጀኑቢ» ይሉታል፤ የደቡብ ዳርቻ ማለት ነው። ኮራል የሚታየው በዚያ ነው። ከዚሁ ዳርቻ 7 ኪሎ ሜትር ያህሉ እ.ኤ.አ. በ1997 የባሕር ፓርክ ሆነ፤ በ2020 ደግሞ በሕግ የተጠበቀ የባሕር ክልል ተብሎ ታወጀ።

ዓረቦቹ «ሙርጃን» የሚሉት ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም። በጣም ትንንሽ እንስሳት ተሰብስበው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየሠራ፣ በብዙ መቶ ዓመታት የገነቡት ነገር ነው። አንዳንዱ ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሌላ አገር ብዙ ኮራል ባሕሩ በመሞቁ ነጥቶ ሲሞት፣ የአቃባው ከሌላው ይልቅ ሙቀት የሚችል መሆኑን አጥኚዎች ደርሰውበታል። ቀንበጡን ሰብሮ ወይም ዛጎል ለቅሞ መውሰድ የተከለከለና የሚያስቀጣ ነው። «ለእናቴ ማስታወሻ ብዬ ነው» ማለት ከቅጣት አያድንም፤ ለእናታችሁ ፎቶግራፍ ውሰዱላት።

አደጋው የሚመጣውም ከዚሁ ከኮራሉ አቀማመጥ ነው። በአቃባ ኮራሉ ከዳር ጥቂት ሜትር ርቆ ይጀምራል፤ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የባሕሩ ወለል እንደ ሐይቅ ዳር ቀስ እያለ አይወርድም። ጥቂት ሜትር ሜዳ ሆኖ ይቆይና ድንገት እንደ ገደል ይቆርጣል። ያቺ እህታችን የረገጠችው የዚያን ጠርዝ ነበር። ውሃው በጣም ጥርት ያለ በመሆኑ ዓይን ይታለላል፤ ከቁመት በላይ የሆነው ጉልበት ድረስ ይመስላል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው እንምጣ። ዋና የማትችሉ ከሆነ ለማዳም የምትነግሩበት ጊዜ አማን እያላችሁ፣ ሻንጣ ስታዘጋጁ ነው። ባሕሩ ዳር ደርሳችሁ ልጆቹ ልብሳቸውን አውልቀው ሲሮጡና «አብረሻቸው ግቢ» ስትባሉ ለመናገር አስቸጋሪ ይሆናል፤ እምቢታ ይመስላል፣ ማዳምም ትቆጣለች። ቀደም ብላችሁ ግን እንዲህ በሏት፦ «ማዳም፣ አና ማ ባዕረፍ አስባሕ። ባኻፍ ሚን ኤል መይ።» ዋና አላውቅም፣ ውሃ እፈራለሁ ማለት ነው። ከዚያም በግልጽ ተነጋገሩ፦ ልጆቹ ውሃ ሲገቡ ዋና የሚችል አባት ወይም እናት አብሯቸው ይግባ፤ እናንተ ከዳር ሆናችሁ ትጠብቃላችሁ። ብዙ አሠሪዎች ይህን ሲሰሙ ይስማማሉ፤ ለልጆቻቸው ነውና። አንዳንዶቻችሁ አሠሪዎቻችሁ እንደማይሰሙ ነግራችሁናል። እንደዚያ ከሆነ ውሃው ከጉልበታችሁ ሳያልፍ ቁሙ፤ ልጁም ከእጃችሁ እንዳይርቅ አድርጉ። የሰው ልጅ ለማዳን ብላችሁ ዋና ሳታውቁ ወደ ጥልቁ ብትገቡ ሁለት ሰው ይጠፋል እንጂ አንድ አይድንም።

ስትጠብቁ ደግሞ መጠበቅ ብቻ ይሁን። ሥጋ መጥበስ፣ ምንጣፍ ማንጠፍና ልጅ መጠበቅ በአንድ ጊዜ አይሆኑም። ሰጥሞ የሚሞት ልጅ በፊልም እንደምናየው አይንቦጫረቅም፤ አፉ በውሃው ልክ ሆኖ፣ ራሱ ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይሰምጣል። እንዲህ ስታዩ «ሳዕዱኒ!» ብላችሁ ጩኹ፤ የነፍስ አድን ሠራተኛ ካለ «ሙንቂዝ!» ብላችሁ ጥሩት፤ የሚንሳፈፍ ነገርም ወርውሩለት። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ሰውን ያንሳፍፋል። ስለዚህ ውሃ የጠጣችሁበትን ጀሪካን አትጣሉ፤ ከጎናችሁ አስቀምጡት። የአደጋ ጊዜ ስልክ በመላው ዮርዳኖስ 911 ነው።

በእረፍታችሁ ቀን ራሳችሁ ልታዩ ስትሄዱ ደግሞ ብቻችሁን አትግቡ፤ ሁለት ሁለት ሁኑ፣ አንዷም ሁልጊዜ ዳር ትቅር። በጠዋት፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐዩም ይቀላል፤ ከዚያ በኋላ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ይበረታል። በአቃባ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ነፋሱ የሚነፍሰው ከሰሜን ነው። ስለዚህ ልጆች የሚጫወቱበትን በአየር የተነፋ ጎማ ወይም ፍራሽ ይዞ ወደ ደቡብ ይነዳዋል፤ በላዩ የተኛች ሰው ቀና ስትል ጓደኞቿ ከሩቅ ይታዩአታል። ጎማ መጫወቻ ነው። ላይፍ ጃኬት ግን ሌላ ነው፤ በደረታችሁ ልክ የሆነና ማሠሪያው የሚጠብቅ ይሁን።

የውሃ መነጽር ስትከራዩ ወይም ስትዋሱ እንዲህ ፈትኑት። ማሠሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አድርጉና በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ፤ ሳይወድቅ ከተጣበቀ ልካችሁ ነው። ጸጉራችሁ ከሥሩ ከገባ ውሃ ያስገባል። እንዳይደበዝዝ ውስጡን ምራቅ ቀብታችሁ አለቅልቁት፤ አትጸየፉ፣ ጠላቂዎቹም ይህንኑ ያደርጋሉ። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን ዓይነት ለጀማሪ አንመክርም፤ ልክ ካልሆነ የተነፈሳችሁትን አየር መልሳችሁ ትተነፍሳላችሁ፣ በችግር ጊዜም ቶሎ አይወልቅም። በአፍ የሚያዘውን የመተንፈሻ ቱቦ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ፣ ፊታችሁን ብቻ ነክራችሁ ተለማመዱት። ውሃ ቢገባበት «ፉ!» ብሎ በኃይል መትፋት ነው። ይህን አሥር ጊዜ ሳትደነግጡ ካላደረጋችሁ ከዚያ አትለፉ። በጀርባ መንሳፈፍንም ተለማመዱ፤ የአቃባ ውሃ ጨው የበዛበት ስለሆነ ሰውነትን ያነሳል። ድንጋጤ ሲመጣ በጀርባ ዞሮ ሰማይ እያዩ መተንፈስ ነው።

ደስ የሚለው፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ እንኳ ብዙ ይታያል። ሰማያዊና አረንጓዴ ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ ሲቆረጥም ድምፁ ለጆሮ ይሰማል፤ እኛ መጀመሪያ የሰማን ጊዜ ቆሎ የሚበላ ሰው መስሎን ነበር። ውሃ ለሚፈሩ ደግሞ ሥሩ መስታወት የሆነ ጀልባ አለ፤ ሳትረጥቡ ኮራሉን ታያላችሁ። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ተስማሙ፣ ላይፍ ጃኬት መኖሩንም ጠይቁ።

ስለ ልብስ፦ ዓባያና ረጅም የጥጥ ቀሚስ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እግርም ያስራል። ሻርፕም አንገት ላይ ይጠመጠማል። ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ረጅም እጅጌ ሹራብና ታይት ከተገኘ ለጨዋነትም ለፀሐይም ይሆናል። ለእግር ሸበጥ አይሆንም፤ ይወልቃል። ኮንጎ ጫማ ያላችሁ እርሱን ውሰዱ፤ ከእርሱ የሚሻል አላገኘንም።

ጫማው የሚያስፈልገው ጥቁር፣ እንደ ጃርት ረጅም እሾህ ያለው የባሕር እንስሳ በድንጋዩ መካከል ስለሚኖር ነው። ድንጋይ መስሎ ወለሉ ላይ የሚተኛ፣ በጀርባው መርዛማ እሾህ ያለው ዓሣም አለ። እንደ ላባ የተዘረጋ ክንፍ ያለው ባለ ሽንትር ዓሣ ደግሞ ሲያዩት ያምራል፤ እሾሁ ግን መርዝ ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ምንም አትንኩ፣ ኮራል ላይም አትቁሙ። መርዘኛ ዓሣ ቢወጋችሁ ቦታውን አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድም አትሠሩት። ለሻይ በያዛችሁት ፔርሙዝ ያለውን ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛ ጋር ቀላቅሉና ያልተወጋው እጃችሁ የሚችለው ሙቀት ሲሆን የተወጋውን ክፍል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ንከሩ፤ ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሳል። የተወጋው እጅ ወይም እግር ስለሚደነዝዝ ሙቀቱን በእርሱ አትለኩ። እየነከራችሁም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ለጾመኞች አንድ ነገር እንጨምር። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሲሆን ያን ጊዜ የአቃባ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሳይበሉና ሳይጠጡ ውሎ ባሕር መግባት ያዞራል፤ ውሃ ውስጥ ማዞር ደግሞ ከየብስ ማዞር ጋር አንድ አይደለም። በጾም የምትውሉ በዚያ ቀን ዳር ጥላ ሥር ቆዩ፤ ወይም ከጾሙ በኋላ ሂዱ። አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለባት እህትም ሐኪም ሳታማክር አትግባ።

ከውሃ የወጣች ሰው ትንፋሽ ከሌላት ሆዷን እየጫናችሁ ውሃ ለማስወጣት ጊዜ አታጥፉ። አንዳችሁ 911 ደውሉ፤ ሌላችሁ በጀርባዋ አስተኝታችሁ፣ አፍንጫዋን ይዛችሁ በአፏ አየር ስጧት፣ ከዚያም የደረቷን መካከል በሁለት እጅ በኃይልና በፍጥነት እየተጫናችሁ እርዳታ እስኪደርስ ቀጥሉ። ነቅታ «ደኅና ነኝ» ብትልም ውሃ ገብቶባት ካሳላት በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

ለጉዞው ኢቃማችሁን ያዙ፤ በመንገዱ ላይ ፍተሻ አለ። በዚህ ዓመት በኅብረት ለመሄድ የምታስቡ፣ ዐርብ ከጸሎት በኋላ ስም በምንመዘግብበት ጊዜ ዋና የምትችሉትና የማትችሉት ለይታችሁ ንገሩን፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ሁለት አድርገን የምናስቀምጣችሁ በዚያ መሠረት ነው።